ዲያግራሙን በምን እንሣለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከገላን የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አምጥተናቸዋል። ሁሉም የሶፍትዌር ንድፍ ዲያግራም፣ ማለትም የሲስተሙን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን በሳጥንና በመስመር የሚያሳይ ሥዕል፣ ስለሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። መልሳችን ለሁሉም አንድ ያልሆነው የጠያቂዎቹ ሁኔታ ስለሚለያይ ነው፤ ማን ይሥለዋል፣ በኋላስ ማን ያርመዋል የሚለው ጥያቄ ከፕሮግራሙ ስም ይቀድማል።

ጥያቄ፦ አራት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ነን። ፕሮጀክታችን የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ሲስተም ነው። አማካሪያችን የዩዝ ኬዝ (ተጠቃሚው በሲስተሙ የሚያደርገውን)፣ የክላስ (ፕሮግራሙ የተሠራባቸውን ክፍሎች)፣ የሲኩዌንስ (የመልእክቶችን ቅደም ተከተል)፣ የአክቲቪቲ (የሥራውን ሂደት) እና የኢአር (የዳታቤዙን ሠንጠረዦች ወይም ቴብሎች) ዲያግራም እንድናቀርብ ነግረውናል። ሁለት ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለን፤ የአንዱ ራም 4 ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔት የምናገኘው በስልክ ፓኬጅ ሲሆን መብራትም ይጠፋብናል። አንዱ ሉሲድቻርት፣ አንዱ ስታርዩኤምኤል፣ ሌላው ድሮው አይኦ ይለናል። የቱን እንያዝ?
*ተመራቂዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ፦ ድሮው አይኦን ያዙ፤ በብሮውዘር የሚከፈተውን ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን። ነጻ ነው፤ አካውንት አይጠይቅም፤ ለዊንዶውስም፣ ለሊኑክስም፣ ለማክም ይገኛል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ለመሣልም ለማስቀመጥም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መጫኛው መቶ ሜጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሆን ፓኬጃችሁን አታባክኑበት፤ ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ በፍላሽ ለሁለቱም ላፕቶፕ አድርሱት።

ሉሲድቻርት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ነው። ነጻው አካውንትም ሊታረሙ የሚችሉ ሰነዶችን በ3፣ በእያንዳንዱ ሰነድ ውስጥ ያሉትን ቅርጾች ደግሞ በቁጥር ይገድባል። አምስት ዓይነት ዲያግራም ለሚያቀርብ ቡድን ይህ ገና ከጅምሩ ይጠባል።

የስታርዩኤምኤል ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ድሮው አይኦ የሥዕል መሣሪያ ነው፤ ስታርዩኤምኤል፣ ቪዥዋል ፓራዳይምና ሞዴሊዮ ግን የሞዴል መሣሪያዎች ናቸው። በሥዕል መሣሪያ «ታካሚ» የተባለውን ክላስ ሦስት ዲያግራም ላይ ካስቀመጣችሁት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሳጥኖች ናቸው። ስሙን ለመቀየር ሦስቱም ጋ መሄድ አለባችሁ፤ አንዱን ከረሳችሁት ፈታኙ ያገኘዋል። በሞዴል መሣሪያ ክላሱ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ሲታረም በሁሉም ዲያግራሞች ላይ ይታረማል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የእናንተ ችግር ሌላ ነው። የሞዴሉ ፋይል አንድ ስለሆነ አራት ሰው በሁለት ላፕቶፕ ተከፋፍሎ ሲሠራበት ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይፈጠራሉ፤ እነሱን መልሶ ማዋሃድ ከመሣሉ የባሰ አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ያልተገዛ ስታርዩኤምኤል ዲያግራሙን ወደ ምስል ሲቀይረው ያልተመዘገበ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ላዩ ላይ ያትምበታል፤ ይህ ደግሞ በመመረቂያ ሰነድ ላይ አይሆንም።

የሥዕል መሣሪያው የሚጎድለውን በእጃችሁ ሙሉት። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ የስም ዝርዝር አዘጋጁ፤ የክላሶቹን፣ የሜተዶቹን (ክላሱ የሚያከናውናቸውን ተግባራት) እና የቴብሎቹን ስም ልክ በኮዱ ውስጥ እንደሚጻፈው አስፍሩበት። አንድ ስም ሲቀየር መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ ይቀየራል፤ ከዚያ ዲያግራሞቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ወደ አሠራሩ እንግባ። አዲስ ፋይል ከከፈታችሁ በኋላ በግራ ታች በኩል «ሞር ሼፕስ» የሚለውን ተጭናችሁ «ዩኤምኤል»፣ «ዩኤምኤል 2.5» እና «ኢንቲቲ ሪሌሽን» የሚሉትን ምልክት አድርጉ፤ ዩኤምኤል የሶፍትዌር ዲያግራም የሚሣልበት የጋራ ደንብ ነው። ክላስ ስትሠሩ ባለ ሦስት ክፍሉን ቅርጽ ውሰዱ እንጂ ከተራ ሳጥንና መስመር አትገጣጥሙት፤ የተገጣጠመው ሲንቀሳቀስ ይበታተናል። አትሪቢዩት (ክላሱ የሚይዘውን መረጃ) ለመጨመር ያለውን መስመር መርጣችሁ ኮንትሮልና ኢንተርን አንድ ላይ ብትጫኑ ሌላ ተመሳሳይ መስመር ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ስህተት ከሳጥን ጋር ያልተያያዘ መስመር ነው። በዓይን ሲታይ የነካ ይመስላል፤ ሳጥኑ ሲነሳ ግን መስመሩ ባለበት ይቀራል። መስመሩን ጎትታችሁ ሳጥኑ ላይ ስታደርሱ ዙሪያው በሰማያዊ ከተከበበ መስመሩ ከሳጥኑ ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ ሳጥኑን ስታንቀሳቅሱትም መስመሩ የሚመቸውን ጎን እየመረጠ ይከተላል። ትንሿ መስቀል ላይ አርፎ አረንጓዴ ካሳየ ደግሞ በዚያች ነጥብ ላይ ተቸንክሯል። ለክላስ ዲያግራም የመጀመሪያው ይሻላል። እያንዳንዱን ዲያግራም ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ሳጥኖችን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱና መስመሮቹ መከተላቸውን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኮንትሮል ዜድ መልሱት።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? «ኤክስትራስ» ሜኑ ውስጥ «ኦቶሴቭ» መብራቱን እዩ። ፕሮግራሙ ከዋናው ፋይል አጠገብ ስማቸው በነጥብና በዶላር ምልክት የሚጀምር ምትክ ፋይሎች ያስቀምጣል። ላፕቶፑ በድንገት ከጠፋ በኋላ ዋናውን ስትከፍቱት ያልተቀመጠ ረቂቅ ካለ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ እነዚያን ፋይሎች «ቆሻሻ» ብላችሁ አታጥፏቸው። ሥራውን ከፍላሹ ላይ ቀጥታ ከፍታችሁ አትሥሩ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱ መልሱት። ሁለት ሰው አንድን ፋይል በአንድ ቀን እንዳይዝም ለእያንዳንዱ ዲያግራም ባለቤት መድቡ። በመጨረሻ ሁሉንም መርጦ ኮፒ በማድረግ በአንድ ፋይል ውስጥ በተለያዩ ገጾች ማሰባሰብ ይቻላል።

ኅትመቱን ከመጀመሪያው አስቡበት። ኤ4 ወረቀት ከግራ 3፣ ከቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ሲተውለት ለዲያግራሙ የሚቀረው 16 ሳንቲ ሜትር ወይም 6.3 ኢንች ነው። በድሮው አይኦ 100 ነጥብ (የፕሮግራሙ የራሱ መለኪያ) በወረቀት ላይ 1 ኢንች ስለሚሆን ዲያግራማችሁ ከ630 ነጥብ በላይ ባይሰፋ ጥሩ ነው። በዚህ ልክ 12 ብላችሁ የጻፋችሁት ፊደል ወረቀቱ ላይ በዎርድ የፊደል መጠን 8.6 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ዲያግራሙን 1260 ነጥብ አድርጋችሁ ዎርድ ውስጥ ብታሳንሱት ፊደሉ በግማሽ ወርዶ 4.3 ይሆናል፤ ያንን ማንም አያነበውም። ሃያ ክላስ በአንድ ገጽ ከማጨናነቅ በሦስት ከፍሎ ማቅረብ፣ ወይም ያንን ገጽ ብቻ በወርዱ ማተም ይሻላል። በወርድ ሲታተም 970 ነጥብ ገደማ ታገኛላችሁ።

ወደ ምስል ስትቀይሩ «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት አዝ»፣ «ፒኤንጂ» ብላችሁ ዙሙን 300 በመቶ፣ ጠርዙን 10 አድርጉት። 630 ነጥብ ስፋት ያለው ዲያግራም 1890 ፒክስል ይሆናል፤ በ6.3 ኢንች ላይ ይህ በኢንች 300 ፒክስል ስለሆነ ኅትመቱ ጥርት ይላል። «ትራንስፓረንት ባክግራውንድ» የሚለውን አጥፉት። የዲያግራሙን ቅጂ በምስሉ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ምርጫ ግን አብሩት፤ ዋናው ፋይል ቢጠፋ ምስሉን ራሱን በድሮው አይኦ ከፍታችሁ ማረም ትችላላችሁ። ነገር ግን ያንን ምስል በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፤ ውስጡ ያለው ቅጂም ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት።

ድሮው አይኦ የሣላችሁት ትክክል መሆኑን አይፈትሽላችሁም። እኛ ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው። በዩዝ ኬዝ «ኢንክሉድ» እና «ኤክስቴንድ» ፍላጻቸው ይገለበጣል። «ቀጠሮ መያዝ» ሁልጊዜ «ታካሚን መለየት»ን የሚጨምር ከሆነ የተቆራረጠው ፍላጻ ከ«ቀጠሮ መያዝ» ተነስቶ ወደ «ታካሚን መለየት» ይሄዳል። «ማስታወሻ መላክ» አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት ተጨማሪ ከሆነ ግን ፍላጻው ከ«ማስታወሻ መላክ» ተነስቶ ወደ «ቀጠሮ መያዝ» ነው የሚሄደው። ሐኪሙና ታካሚው ከሲስተሙ አራት ማዕዘን ውጭ ይቆማሉ። በክላስ ዲያግራም ባዶው ሦስት ማዕዘን የሚያርፈው በወላጁ ክላስ በኩል ነው፤ «ታካሚ» እና «ሐኪም» ከ«ሰው» ቢወርሱ ሦስት ማዕዘኑ «ሰው» ጋ ነው። የተሞላው አልማዝ የሚቀመጠው በሙሉው ነገር በኩል ነው፤ «የሕክምና ካርድ» ሲሰረዝ አብሮት የሚሰረዝ «የምርመራ መዝገብ» ካለ አልማዙ ካርዱ ጋ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ቁጥሩን ጻፉ፤ አንድ ሐኪም ከዜሮ እስከ ብዙ ቀጠሮ፣ አንድ ቀጠሮ ግን አንድ ሐኪም ብቻ።

ሲኩዌንሱ ላይ ፈታኝ ቶሎ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ። ወደ አንድ ሳጥን የሚሄድ መልእክት ሁሉ በዚያው ክላስ ውስጥ ሜተድ ሆኖ መገኘት አለበት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በእርሳስ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ኢአር ላይ ደግሞ ፒተር ቼን በ1976 ያስተዋወቀውን ባለ አልማዝና ባለ ሞላላ አሣሣል እና የቁራ እግር የሚባለውን (የመስመሩ ጫፍ «ብዙ» ለማለት እንደ ወፍ ጣት የሚከፈልበትን) አትደባልቁ፤ አማካሪያችሁ የሚፈልጉትን ጠይቃችሁ በአንዱ ጽኑ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ለገጣፎ በሚገኝ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ስድስት ነን፤ ኮዳችን ጊትሃብ (ኮድ በጋራ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት አገልግሎት) ላይ ነው። በየፕሮጀክቱ መጀመሪያ ዲያግራም እንሠራለን፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ከኮዱ ጋር አይገናኝም። የተሻለ ሶፍትዌር ብንገዛ ይፈታልናል?
*ዴቨሎፐር፣ ከለገጣፎ*

መልስ፦ መግዛት አያስፈልግዎትም። ችግሩ ዲያግራሙ ከኮዱ ርቆ መኖሩ ነው። ኮድ የሚቀይረው ሰው ዲያግራሙን ለማረም ሌላ ፕሮግራም መክፈት፣ ፋይሉን መፈለግ፣ ምስሉን እንደገና ማውጣት ካለበት አያርመውም። ስለዚህ በጽሑፍ ወደሚሠሩት መሣሪያዎች ይሂዱ፤ መርሜይድ ወይም ፕላንትዩኤምኤል። ዲያግራሙ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጣል፤ ለውጡም እንደ ማንኛውም የኮድ ለውጥ ተገምግሞ ይገባል። የተቀየረችው አንዲት መስመር ብቻ ተለይታ ስለምትታይ ገምጋሚው ምን እንደተለወጠ ያውቃል።

ፕላንትዩኤምኤል ላይ ከመክፈቻና ከመዝጊያ ቃሎቹ መካከል የሚገባው ይህን ይመስላል፦

"ደንበኛ" -> "ትእዛዝ ክፍል" : ትእዛዝ ይልካል
"ትእዛዝ ክፍል" -> "መጋዘን" : ዕቃው መኖሩን ይጠይቃል
"መጋዘን" --> "ትእዛዝ ክፍል" : ብዛቱን ይመልሳል

ከዚህ ተነስቶ ሙሉውን የሲኩዌንስ ዲያግራም ራሱ ያወጣዋል። ባለ ሁለት ሰረዙ ፍላጻ የተቆራረጠው የመልስ መስመር ነው።

ከሁለቱ የትኛው? ኮዱ ጊትሃብ ላይ ስላለ በመርሜይድ ይጀምሩ። ጊትሃብ ከ2022 ጀምሮ መርሜይድን በማርክዳውን (ቀላል ምልክቶች ባሉት የጽሑፍ) ፋይል ውስጥ ራሱ ሥሎ ያሳያል፤ ምንም አይጫንም። ፕላንትዩኤምኤል ግን ጃቫ ይፈልጋል፤ ለክላስና ለኮምፖነንት ዲያግራም ደግሞ በተለምዶ ግራፍቪዝ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይጨመርበታል። ለሲኩዌንስ አያስፈልገውም። ግራፍቪዝን መጫን ካስቸገረ «ስሜታና» የሚባለውንና አብሮት የሚመጣውን የአቀማመጥ ሞተር በአንዲት መስመር ትእዛዝ ማስነሳት ይቻላል። ወደ ፕላንትዩኤምኤል የሚያሻግር ምክንያት የሚመጣው የዲያግራም ዓይነት ሲበዛና አሣሣሉን በዝርዝር መቆጣጠር ሲያስፈልግ ነው።

የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፤ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። እስከ አሥራ አምስት ሳጥን ድረስ ያማረ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ መስመሮቹ መቆራረጥ ይጀምራሉ። በድብቅ መስመርና በአቅጣጫ ትእዛዝ ሲታገሉት መዋል የለብዎትም፤ ዲያግራሙን ለሁለት ይክፈሉት። ፕላንትዩኤምኤል ላይ ትልቅ ዲያግራም ዳሩ ተቆርጦ ከወጣ ምክንያቱ የፒኤንጂ ምስል በሁለቱም አቅጣጫ በ4096 ፒክስል መገደቡ ነው፤ በኤስቪጂ (ሲሰፋ በማይደበዝዝ የምስል ዓይነት) ቢያወጡት ይህ ገደብ የለም። መርሜይድ ላይ ደግሞ «ኤንድ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሽ ፊደል ለሳጥን ስም ከገባች ዲያግራሙ ሊሰበር ይችላል፤ በትልቅ ፊደል ወይም በጥቅስ ውስጥ ይጻፏት። የደንበኛ ምስጢር ያለበትን ንድፍ በኢንተርኔት ላይ ባሉ መሞከሪያ ገጾች አይለጥፉ፤ ፕላንትዩኤምኤል ላይ ጽሑፉ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ይሄዳል። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያሂዱት።

ሁሉንም ዲያግራም ግን አታኑሩ። ሳይመን ብራውን ያዘጋጀው ሲ4 የሚባለው አሠራር አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሲስተሙን ከተጠቃሚዎቹና ከሚያናግራቸው ሌሎች ሲስተሞች ጋር ያሳያል፤ ሁለተኛው ሲስተሙ የተሠራባቸውን አፕሊኬሽኖችና ዳታቤዞች ያሳያል። ለስድስት ሰው ቡድን ሁለቱና የሦስት አራት ዋና ዋና ሂደቶች ሲኩዌንስ ይበቃሉ ብለን እናምናለን። የክላስ ዲያግራም በእጅ አትያዙ፤ ኮዱ በየቀኑ ስለሚቀየር ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። የዳታቤዙን ኢአር ደግሞ ከራሱ ከዳታቤዙ አውጡት። ዲቢቨር የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ያለውን ስኪማ (የቴብሎቹን አወቃቀር) አንብቦ ይሥለዋል፤ ማይኤስኪውኤል ዎርክቤንችም «ሪቨርስ ኢንጂነር» በሚለው በኩል ያንኑ ያደርጋል። ቴብሎቹ ያለ ምንም መስመር ተበታትነው ከወጡ ፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዘው) በዳታቤዙ ውስጥ አልተገለጸም ማለት ነው፤ ያ ከዲያግራሙ ቀድሞ መስተካከል ያለበት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጽሕፈትና ኅትመት ቤት አለኝ። ተማሪዎች በአማርኛ የተጻፉ ዲያግራሞች ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ጋ ሲከፈት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ አንዳንዴም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ኮምፒውተር ነው?
*የኅትመት ቤት ባለቤት፣ ከሰበታ*

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ባዶ ሳጥን ሲሆን ፊደሉ ደህና ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉት ነጻ ስለሆኑ ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኗቸው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል ይዞ ነው የሚመጣው። ዝብርቅርቅ ላቲን ሲሆን ግን ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ባልሆነ የቆየ የአማርኛ ፎንት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ትክክል ሆኖ የሚታየው ያው ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ እርስዎ ጋ ሊስተካከል ስለማይችል ተማሪው በዩኒኮድ እንደገና ይጻፈው። ፓወር ግዕዝ የሚጠቀሙ ሰዎች የዩኒኮዱን ፎንት መምረጣቸውን እንዲያረጋግጡ ይንገሯቸው።

ከሁሉም የሚሻለው ደንበኞችዎ ፒዲኤፍ ይዘው እንዲመጡ ማስለመድ ነው፤ ከራሳቸው ኮምፒውተር ሲያወጡት ፎንቱ አብሮ ይገባል። አዶቢ ሪደር ላይ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ከፍተው ከፎንቱ ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» የሚል ካዩ ሳይሰጉ ያትሙ። ዎርድ ውስጥ የገባ የድሮው አይኦ ኤስቪጂ ጽሑፉን ማሳየት እንደማይቻል የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት ይዞ ከመጣ ደግሞ መፍትሔው ዲያግራሙ ላይ ነው፤ ሁሉንም መርጠው በጽሑፍ ክፍሉ ውስጥ «ዎርድ ራፕ» እና «ፎርማትድ ቴክስት» የሚሉትን አጥፍተው እንደገና ያውጡት።

በፕላንትዩኤምኤል የሚሠሩ ደንበኞች ካሉዎት የአማርኛው ፊደል በጥያቄ ምልክት የሚተካባቸው ዊንዶውስ ላይ ከ18 በፊት የነበረ ጃቫ ሲጠቀሙ ነው። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ጽሑፍ በሚቀመጥበት መንገድ) አስቀምጠው ፕሮግራሙን ሲያስነሱም ያንኑ እንዲጠቅሱ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በግል ኮሌጅ ሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን አስተምራለሁ። ላቦራቶሪያችን ኢንተርኔት የለውም፤ ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ናቸው። የማስተማሪያ ጽሑፉ ራሽናል ሮዝና አርጎዩኤምኤል የሚባሉትን የቆዩ የዩኤምኤል ፕሮግራሞች ይላል። ተማሪዎች ደግሞ ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረ) ፕሮግራም በፍላሽ ያመጣሉ። ምን ይመክሩኛል?
*መምህር፣ ከቡራዩ*

መልስ፦ ሮዝን ይተዉት፤ ዘመኑ አልፏል። አርጎዩኤምኤል የሚያውቀው ዩኤምኤል 1.4ን ነው፤ እርስዎ የሚያስተምሩት 2.5 ደግሞ 14 ዓይነት ዲያግራም አለው። ተማሪው በመጽሐፉ ያየውን ፕሮግራሙ ላይ ሲያጣው ግራ ይጋባል።

ክራኩን ከላቦራቶሪው ያስወጡ። ከፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ክራኩን ለማስነሳት ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ፍላሽ የገባው ቫይረስ በሁሉም ማሽን ላይ ይዞራል። ነጻው አማራጭ በቂ ሆኖ ሳለ ይህን አደጋ መቀበል ተገቢ አይደለም።

ለዊንዶውስ 7 ማሽኖቹ ዩኤምሌት ይሁኑላቸው። በጃቫ የሚሠራ፣ ነጻና በጣም ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የሳጥኑ ይዘት ከጎን በጽሑፍ ይጻፋል። አዲሶቹ የድሮው አይኦ ስሪቶች የተሠሩበት ኤሌክትሮን የሚባለው መሠረተ ፕሮግራም ከ2023 ወዲህ ዊንዶውስ 7ን ስለተወ እነዚያ ላይ አይነሱም፤ በዊንዶውስ 10ዎቹ ላይ ግን ይጫኑት። የሞዴል መሣሪያ ምን እንደሆነ ለማሳየት ሞዴሊዮን በጥሩዎቹ ማሽኖች ላይ ያስቀምጡ፤ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው። የቪዥዋል ፓራዳይም ኮሚዩኒቲ ስሪትም ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይሰጣል፤ በሚያወጣው ምስል ላይ ግን ምልክቱን ያትማል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በወረቀትና በእርሳስ ያሠሯቸው ብለን አጥብቀን እንመክራለን። ተማሪ ፕሮግራሙን ቀድሞ ሲከፍት ስለ ፍላጻው ትርጉም ሳይሆን ስለ ሳጥኑ ቀለም ያስባል።

ጥያቄ፦ ቪዚዮ ልግዛ?
*አንባቢ፣ ከሱሉልታ*

መልስ፦ ቪዚዮ የማይክሮሶፍት የዲያግራም ፕሮግራም ነው። መሥሪያ ቤትዎ አስቀድሞ ከፍሎበት ከሆነና ሁላችሁም ዊንዶውስ ከሆናችሁ ይጠቀሙበት፤ ለአንድ ሰው ተብሎ ግን የሚገዛ አይደለም። በእጅዎ ያሉ የቪዚዮ ፋይሎች ካሉ ድሮው አይኦ ይከፍታቸዋል። ጽሑፍና መስመር ከቦታው ፈቀቅ ሊል ስለሚችል ከከፈቱ በኋላ ከዋናው ጋር እያስተያዩ ያርሙት።

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ መጋዘን አለኝ። የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም የሚሠራልኝ ድርጅት «ዲያግራሞቹን አብረን እናስረክባለን» ብሎ ውሉ ላይ ጽፏል። የሙያው ሰው አይደለሁም። ምን ብዬ ልቀበል?
*ነጋዴ፣ ከገላን*

መልስ፦ «ዲያግራም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስገድዳቸውም። የትኛው፣ በምን ዓይነት ፋይል፣ መቼ የሚለው በዝርዝር ይጻፍ።

ለእርስዎ የሚጠቅሙት አራት ናቸው። ሲስተሙ ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየው አጠቃላይ ዲያግራም፣ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጠና የመረጃው ቅጂ የት እንደሚያድር የሚያሳየው፣ የዳታቤዙ ኢአር ዲያግራም፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚኬድበትን ቅደም ተከተል የሚያሳየው። ከእነዚህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

ምስል ወይም ፒዲኤፍ ብቻ አይቀበሉ። የሚታረመውን ዋናውን ፋይል ይጠይቁ፤ የድሮው አይኦ፣ የፕላንትዩኤምኤል ወይም የሌላ ፕሮግራም መሆኑም ይጠቀስ። ፕሮግራሙ ፈቃድ የሚገዛለት ከሆነ ነገ ሌላ ባለሙያ ሲቀጥሩ ያንን ፈቃድ መግዛት ሊኖርብዎት ነው፤ ስለዚህ በነጻ በሚከፈት ፋይል ይሁን ብለው ውሉ ላይ ያስጽፉ።

ርክክቡ ላይ ለሙያው አዲስ የሆነ ሰውም ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሁለት ፍተሻዎች አሉ። አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ከእነሱ ላፕቶፕ ሳይሆን ከእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አስከፍተው የአንድ ሳጥን ስም ቀይረው እንዲያስቀምጡና እንደገና ወደ ፒዲኤፍ እንዲያወጡት ይጠይቁ። ይህ ካልተቻለ የተረከቡት ምስል ነው። ሁለተኛ፣ በዲቢቨር ከዳታቤዙ ኢአሩን እዚያው ያውጡልዎትና ካስረከቡት ጋር ጎን ለጎን ይዘው የቴብሎቹን ብዛትና ስም ይቁጠሩ። በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው የሌለ ቴብል ካገኙ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያድርጉ፤ የመጨረሻውን ክፍያ የሚለቁት ያ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ ይሁን።